ለልጄ ነው ወይስ በልጄ?

በአማርኛችን «ብርቅ» የሚባል ነገር ሁልጊዜ የሚወደድ ነገር ነው። አንድ ለእናቱ የሆነ ልጅ ብርቅ ነው፤ ዋልያና ቀይ ቀበሮ ብርቅዬ እንስሳት ናቸው፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣ ዘመድ ብርቅና ድንቅ ይሆናል። ስለዚህ አንድ የሕክምና ጥናት የፈቃድ ወረቀት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተመልሶ «ልጅዎ ብርቅዬ የጡንቻ በሽታ አለበት» የሚል ዐረፍተ ነገር ይዞ ሲመጣ፣ ወረቀቱ የተሰጣቸው እናት መጀመሪያ መሣቃቸው፣ ቀጥሎም መቆጣታቸው አያስደንቅም። «ብርቅነቱን ለራሳቸው ያድርጉት» ነበር ያሉኝ።

ተርጓሚውን ለመውቀስ ግን አልቸኩልም። እኔም እዚህ አሜሪካ በአንድ የጡንቻ ምርምር ቤተ ሙከራ ውስጥ ተማሪ ሆኜ ስሠራ፣ የምሠራውን ለወገኖቼ በአማርኛ ለማስረዳት በሞከርሁ ቁጥር ከዚሁ ችግር ጋር ተጋፍጫለሁ። «አልፎ አልፎ የሚታይ በሽታ» ቢባል፣ በሽታው መጥቶ የሚሄድ ያስመስለዋል። «ያልተለመደ» ቢባልስ ለማን? በሽታው ለገባበት ቤት ከርሱ የበለጠ የተለመደ ነገር የለም። እዚህ አገር ነገሩን በሕግ ቈርጠውታል፤ በ1983 በወጣውና በተከታዩ ዓመት በተሻሻለው ሕግ መሠረት፣ በአሜሪካ ውስጥ ያሉት ሕሙማን ከ200,000 በታች የሆኑበት በሽታ በዚህ ስም ይጠራል። አውሮፓውያን ደግሞ ከ10,000 ሰው ከ5 የማይበልጠውን ብለው ወስነዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።) ቁጥሩ የሐኪም ቁጥር አይመስለኝም፤ የነጋዴ ቁጥር ነው። ሕሙማኑ ከዚህ ካነሱ መድኃኒት ሠሪው አያተርፍምና፣ መንግሥት በግብር ቅናሽና በሰባት ዓመት ብቸኛ የሽያጭ መብት ይደጉመዋል ማለት ነው። መድኃኒቶቹንም «ወላጅ አልባ» ብለዋቸዋል። እኔ ለጊዜው «የጥቂቶች በሽታ» በሚለው ረግቻለሁ፤ የተሻለ ያለው ይላክልኝ።

ወረቀቱ የሚናገርለት በሽታ ዱሼን ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1860ዎቹ በሽታውን በዝርዝር ከጻፈው ፈረንሳዊ ሐኪም ነው፤ ምንም እንኳ ኤድዋርድ ሜርዮን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1852፣ ማለትም ቀደም ብሎ፣ በሽታው በአንድ ቤት ወንድ ልጆች ላይ እንደሚበረታ አስተውሎ ጽፎ የነበረ ቢሆንም። የሚይዘው ከጥቂቶች በቀር ወንዶችን ነው፤ ከ5,000 ያህል ወንዶች አንዱን። ልጁ ሲወለድ ጤነኛ ይመስላል። በሦስትና በአራት ዓመቱ መውደቅ ያበዛል፤ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል፤ ባቱ ያለ ልክ ይወፍራል። ከወለል ሲነሣ እጆቹን መጀመሪያ ጉልበቱ ላይ፣ ከዚያም ጭኑ ላይ እያሳረፈ በገዛ አካሉ ላይ እንደ መሰላል ይወጣል። ይህን አነሣሥ ጋወርስ የተባለው የለንደን ሐኪም በ1879 ገልጾታል፤ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ልጁ በዐሥራዎቹ መጀመሪያ መራመድ ያቆማል። ከዚያ ተራው የክንድ፣ የመተንፈሻ ጡንቻና የልብ ነው።

እናቲቱ ይህን ከእኔ መስማት አላስፈለጋቸውም። በገጠር ባደጉበት ቤት ታላቅ ወንድማቸው እንዲሁ ሲወድቅ ሲነሣ ኖሮ፣ በኋላም አባታቸው በጀርባቸው እያዘሉት፣ በ17 ዓመቱ አርፏል። አገሬው «ልምሻ» ይለው ነበር፤ ጠበል ተወስዷል፤ ሐኪም አላየውም። እዚህ የልጃቸው ደም ተመርምሮ፣ በሽታው ከእናት በሚወረሰው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ መሆኑ በተነገራቸው ቀን፣ ሁለቱን ያገናኙት ራሳቸው ናቸው። «ያኔ ስም ሳይኖረው የቀበርነው ነገር እዚህ ስም አውጥቶ ጠበቀኝ» አሉኝ።

ስሙ ብቻ ሳይሆን ምክንያቱም የታወቀበት ታሪክ፣ ከተማርሁት ሁሉ አብልጦ የሚያስገርመኝ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ሊይዛቸው የማይገባ ጥቂት ሴቶች በሽታው ተገኘባቸው። ክሮሞዞማቸው ቢታይ፣ የሁሉም ኤክስ በአንድ ቦታ ተሰብሮ ከሌላ ክሮሞዞም ጋር ተጣብቋል። ቀጥሎ በሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ በሁለት ፊደላት ብቻ የሚጠራ አንድ ልጅ ተገኘ። ከዚያው ቦታ አንድ ቁራጭ ስለ ጎደለው፣ ዱሼንን ጨምሮ አራት በሽታዎች ባንድነት ነበሩበት። በቦስተን የነበረው የሉዊስ ከንከል ቡድን የልጁን ዘር ያ ቁራጭ ካልጎደለው ሰው ዘር ጋር እያስተያየ፣ ልጁ የሌለውን ብቻ ለይቶ አወጣ፤ በዚህም መንገድ ዘረ መሉን በ1986፣ ዘረ መሉ የሚያሠራውን ፕሮቲን ደግሞ በ1987 አገኘ። ፕሮቲኑን ዲስትሮፊን አሉት። እስካሁን በሰው ላይ ከታወቁት እጅግ ረጃጅም ዘረ መሎች አንዱ ነው፤ ከሁለት ሚሊዮን ፊደላት በላይ ነው፤ በመሐሉ 79 መልእክት ተሸካሚ ክፍሎች ተበትነዋል። ይህን ያህል ረጅም ጽሕፈት ሲገለበጥ ስሕተት ቢገባበት አይገርምም፤ ከሕሙማኑ ሲሶ ያህሉ በሽታውን ከእናታቸው አልወረሱትም፤ ስሕተቱ አዲስ የተፈጠረ ነው።

የዲስትሮፊን ሥራ እንደ ማገር ነው። የጡንቻውን ሕዋስ ውስጣዊ ገመድ ከውጭው ሽፋን ጋር አያይዞ፣ ጡንቻ በተኰማተረ ቁጥር ሽፋኑ እንዳይቀደድ ይጠብቃል። እርሱ ሲጠፋ ሽፋኑ ይቀደዳል፤ ካልሲየም ይገባል፤ የሕዋሱ ንጥረ ነገር ወደ ደም ይፈስሳል። ጡንቻው ለጊዜው ራሱን ይጠግናል፤ ዓመታት ሲያልፉ መጠገኑ ይደክምና ቦታውን ስብና ጠባሳ ይወርሰዋል። እኔ በየሳምንቱ የማደርገው፣ የቀዘቀዘ ጡንቻ ከፀጉር በቀጠነ ውፍረት እየቈረጥሁ፣ ዲስትሮፊንን የሚያበራ ቀለም መቀባት ነው። የጤነኛ ሰው ጡንቻ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እያንዳንዱ ሕዋስ ዙሪያውን አብርቶ የማር እንጀራ ይመስላል። የዱሼን ጡንቻ ጨለማ ነው። ከብልቃጡ ላይ የማነበው ቁጥር ብቻ ነው፤ ስም የለውም።

ከእኛ ክፍል ማዶ ያሉት ባልደረቦቻችን የሚያጠኑት የተገላቢጦሹን ነው፤ ራብዶማዮሳርኮማ የሚባለውን የልጆች ነቀርሳ። በእኛ በኩል ጡንቻ የሆነው ሕዋስ ይሞታል፤ በነሱ በኩል ጡንቻ ሊሆን የጀመረው ሕዋስ ጡንቻ መሆንን እምቢ ብሎ ይባዛል። ሁለቱን በአንድ ኮሪደር ያስቀመጣቸው ይህ ነው። በ1987 በሲያትል የሃሮልድ ዋይንትራውብ ቡድን ማዮ-ዲ የተባለውን ዘረ መል አገኘ፤ ይህ አንድ ዘረ መል በተራ የቆዳ ሕዋስ ውስጥ ቢገባ ሕዋሱን ወደ ጡንቻ ይለውጠዋል። የሚያስደንቀው ግን የነቀርሳው ሕዋስ ይህንኑ ማዮ-ዲ ይዞ መገኘቱ ነው። ትእዛዙ አለ፤ መታዘዝ የለም። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሐኪሞች ይህን ነቀርሳ ከሌሎች የሚለዩበት አንዱ ምልክት ማዮ-ዲ ነው። ዋይንትራውብ ራሱ በ1995 በ49 ዓመቱ በአንጎል ነቀርሳ ሞተ።

ይህ ነቀርሳ በአሜሪካ እንኳ በዓመት የሚይዘው ጥቂት መቶ ልጆችን ብቻ ነው። አንድ ሆስፒታል ብቻውን ቢጠብቅ አንዱ መድኃኒት ከሌላው መብለጡን ሳያውቅ የሐኪሞቹ ዕድሜ ያልቃል። ስለዚህ በ1972 የአገሪቱ የሕፃናት ነቀርሳ ቡድኖች ፉክክራቸውን ትተው ሕሙማኑን ሁሉ በአንድ የጥናት ሥርዐት አስገቧቸው። በመጀመሪያው ጥናት ከታከሙት አምስት ዓመት የቆዩት ከመቶ 55 ነበሩ፤ በሦስተኛው ከመቶ 71 ሆኑ። ይህን ያመጣ አንድም ተአምረኛ መድኃኒት የለም፤ የነበሩትን መድኃኒቶች፣ ቀዶ ሕክምናና ጨረር እያቀናጁ በኅብረት መቍጠር ነው እንጂ። በሽታው ከተሠራጨ በኋላ ለሚደርሱት ግን ቍጥሩ ዛሬም የሚያስለቅስ ነው።

የእነዚህ ጥቂቶች ውለታ ለብዙዎችም ተርፏል። ሊና ፍሮመኒ የተባሉ ሐኪሞች የዚሁ ነቀርሳ ሕፃናት መዛግብት ሲመረምሩ፣ በአንዳንዱ ቤት እናቲቱም በወጣትነቷ በጡት ነቀርሳ መያዟን አስተውለው በ1969 ጻፉ። በ1990 የእነዚህ ቤተሰቦች ጉድለት ፒ-53 በሚባል ዘረ መል ላይ መሆኑ ታወቀ፤ ይህም በሰው ልጅ ነቀርሳዎች ግማሽ ያህል ውስጥ ተበላሽቶ የሚገኘው ነው። ዛሬ ስለ ሽማግሌ የአንጀት ነቀርሳ የሚያውቅ ሁሉ ከእነዚያ ልጆች አንድ ነገር ተበድሯል።

ይህን ሁሉ ለእናቲቱ አንድ እሑድ፣ ቡና እየተፈላ፣ ሃያ ሁለቱን ገጽ አብረን ስናነብ ነገርኋቸው። አዳምጠው ሲያበቁ፦

«እስቲ ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አሉኝ። «ይህ ጥናት ለልጄ ነው ወይስ በልጄ?»

የሁለቱ ቃላት ልዩነት አንዲት ፊደል ናት፤ ሃያ ሁለቱ ገጽ ግን ይህን ያህል አጥርቶ አልጠየቀም፤ አልመለሰምም። «በልጅዎ ነው፤ ለልጅዎም እንዲሆን ተስፋ አለ» አልኋቸው።

ከሦስት ልጆች አንዱ ለ48 ሳምንታት ባዶ ፈሳሽ እንደሚወጋ ሲረዱ ስኒውን አስቀመጡ። «ውሃ? እያወቁ?» ምክንያቱን አስረዳኋቸው። በሽታው ያለበት ልጅ እስከ ሰባት ዓመቱ ገደማ ስለሚያድግ፣ በሽታው ውስጥ ውስጡን እየሄደም ቢሆን ርምጃው ሊሻሻል ይችላል፤ በስድስት ደቂቃ ስንት ሜትር እንደተራመደ ሲለካም፣ ተስፋ ያደረበት ልጅ ይበልጥ ይበረታል። ባዶውን ከወሰደው ጋር ካልተመዛዘነ፣ ዕድገቱን መድኃኒት ብለን ለሌላው እናት እንሸጥላታለን። ተቀበሉኝ፤ አልወደዱትም።

ልጁ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቱ ነበር። ለልጆች በእንግሊዝኛ የተዘጋጀውን ገጽ ራሱ አንብቦ፣ ስንት ጊዜ እንደሚወጋ ጠየቀኝ። አርባ ስምንት መርፌ አለ፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ ከጡንቻው ትንሽ ቁራጭ ይወሰዳል። «ሃምሳ» አለ፣ የሒሳብ ጥያቄ እንደመለሰ ሰው።

እናቲቱ በአስተርጓሚ አማካይነት ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቀው ፈረሙ፦ ጥናቱ ሲያልቅ ልጄ እውነተኛውን ያገኛል ወይ፣ ውጤቱስ ይነገረኛል ወይ? ለሁለቱም «አዎን» ተባሉ። ሁለቱም ተፈጸመ ለማለት ይቻላል። ልጁ ከ48ኛው ሳምንት በኋላ መድኃኒቱን አገኘ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ በሁለቱ ወገን ልጆች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት ስላልተገኘ ኩባንያው ሥራውን አቆመ። ደብዳቤ መጣ። ሁለት አንቀጽ ነው፤ በእንግሊዝኛ።

«ሊጠይቁኝ ሲመጡ አማርኛ ያውቁ ነበር» አሉ እናቲቱ።

ደብዳቤውን የተረጐምሁላቸው እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ዓመት ባዶውን ከተወጉት ውስጥ እንደነበረም ልጁ ያወቀው ያን ጊዜ ነው። «ሃምሳውም ለምንም?» ሲለኝ፣ እንደርሱ ባዶውን የወሰዱ ልጆች ልክ እየተጠራቀመ የበሽታውን ተፈጥሯዊ አካሄድ እንደሚያሳይ፣ ለሚቀጥለው ጥናትም መመዘኛ እንደሚሆን ነገርሁት። የነገርሁት እውነት ነው። ለስምንት ዓመት ልጅ ክንድ በቂ ነው ግን አልልም፤ ፈቃዱ በአማርኛ ከተጠየቀ ውጤቱም በአማርኛ ሊነገር እንደሚገባ ግን አጥብቄ እላለሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሆኗል። በ2023 በቫይረስ ተሸካሚነት አጭር ዲስትሮፊን የሚያስገባ የዘረ መል ሕክምና በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ዋጋው ለአንድ ልጅ 3.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ትልቁ ጥናት ዋናውን ግቡን አልመታም፤ በ2025 መራመድ ያቆሙ ሁለት ልጆች ሕክምናውን ከወሰዱ በኋላ በጉበት መድከም በመሞታቸው፣ ለማይራመዱት መስጠት ተቋረጠ። በአንጻሩ የልጆቹን የመራመጃ ዘመን በዓመታት ያራዘመው ፕሬድኒሶንና ዘመዶቹ ናቸው፤ በ1989 በወጣ ጥናት ጡንቻን ማበርታቱ የተረጋገጠለት፣ በአገራችንም ፋርማሲዎች የሚገኝ ርካሽ ክኒን። ክብደት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ያለ ሐኪም አይወሰድም፤ ቢሆንም አለ። የሚጎድለው የበሽታውን ስም የሚነግር ሰው ነው። ከተቀደደው ጡንቻ ወደ ደም የሚፈስሱት ኢንዛይሞች በጉበት ምርመራ ላይም ከፍ ብለው ስለሚታዩ፣ የጉበት በሽተኛ ተብሎ ለወራት የሚታከም ልጅ በየአገሩ አለ፤ ሲኬ የተባለው የጡንቻ ኢንዛይም ቢለካ ግን ከልኩ በብዙ ዐሥር እጥፍ ከፍ ብሎ ይገኝ ነበር።

ልጁ ዛሬ 15 ዓመቱ ነው፤ በኤሌክትሪክ ወንበር ይሄዳል፤ ክኒኑን ጧት ጧት ይወስዳል፤ ልቡ በየዓመቱ ይታያል። እናቲቱ አገር ቤት ታናሽ እኅት አሏቸው፤ ለእርሷም የአራት ዓመት ወንድ ልጅ አላት። ባለፈው ወር ደውለው «ወለል ላይ አስቀምጪውና ሲነሣ ቅረጪልኝ» አሏት። ፊልሙን በስልክ ላከችው፤ አብረን ሦስት ጊዜ አየነው። ሕፃኑ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል፤ ከበር በኩል ሰው ይጠራዋል፤ እጁን ጉልበቱ ላይ ሳያሳርፍ ብድግ ብሎ ይሮጣል።

«ደሙ ግን ይታይ» አልኋቸው።

«ማክሰኞ ትወስደዋለች» አሉኝ።