የሰኞ ዳዊት በመገናኛ ሰልፍ

መገናኛ ላይ «ሰላም ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ቆሞ አይጠብቅም። አንዱ ወደ አያት፣ ሌላው ወደ ገርጂ፣ ሌላው ወደ ፒያሳ ታክሲ እየሮጠ «እግዚአብሔር ይመስገን!» ይባባላል። ስለዚህች መልስ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ጥያቄው ስለ እኔ ነው፤ መልሱ ግን ስለ እኔ ምንም አይናገርም። የቤት ኪራይ ተጨምሮብኝ ይሁን ደመወዝ ገብቶልኝ አይታወቅም። የሚታወቀው የሚመሰገን መኖሩ ብቻ ነው።

በእምነት ሰላምና ደስታ ይገኛል ሲባል ብዙዎቻችን የምንሰማው ሌላ ነገር ነው፦ እመን፣ ችግርህ ይፈታል። ቪዛው ይመታል፣ ሥራው ይገኛል፣ በሽታው ይለቃል። እንዲህ የሆነለት ሰው አለ፤ አልክድም። እኛ ቤት ግን አልሆነም። እናቴ የኩላሊት እጥበት ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። ስለት ተስለናል፣ ጠበል ተጠምቃለች፣ መድኃኒቷንም አንድ ቀን አላቋረጠችም። እጥበቱ አሁንም አለ፤ ክፍያውም አለ። እና ችግሩ ካልተፈታ ሰላም የሚባለው ምንድን ነው?

ወደ መልስ ያስጠጋኝ ስብከት አይደለም፤ ዳዊት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት 150ው መዝሙር ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሏል። አሥር መዝሙር «አንድ ንጉሥ» ይባላል። ሰኞ ከ1 እስከ 30 ሦስት ንጉሥ ነው፤ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130 ይደርስና ቅዳሜ 150 ላይ ያልቃል። እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ይደገማል። እናቴ ስትደክም መጽሐፉን መያዝ አቃታት፤ ማታ ማታ እኔ አነብላት ጀመር። ማታ የማይበቃኝን ደግሞ ጠዋት መገናኛ ሰልፍ ላይ እጨርሳለሁ። በትንሿ የኪስ ዳዊት ነው፤ እዚያ ስልክ አውጥቶ ማንበብ ሌባን «ና ውሰድ» እንደ ማለት ነው።

ይህ አከፋፈል አንድ ነገር ያደርጋል፦ የምጸልየውን ስሜቴ አይመርጥም፤ ቀኑ ይመርጣል። አንድ ሐሙስ የእናቴ የምርመራ ውጤት ከበፊቱ ብሶ መጣ። የዚያ ቀን ድርሻ ውስጥ ምድርና ባሕር፣ ዛፎችም ሳይቀሩ በደስታ እንዲያመሰግኑ የሚጠሩ መዝሙሮች አሉ። ለመዝለል ፈለግሁ። ድምፄ ሲሰበር እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «አንብቢው እንጂ ልጄ። እኛ ከፍቶን ባሕሩ ምን አደረገ?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። አነበብኩት። ከዚያ በኋላ ውጤቱ አልተቀየረም፤ እኔ ግን ክፍሉ ውስጥ ከውጤቱ ሌላ ነገር እንዳለ አየሁ።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። ሰኞ ደስ ብሎኝ ስነሳ 21ኛው መዝሙር ይጠብቀኛል። ጌታችን በመስቀል ላይ የጮኸው ቃል የዚህ መዝሙር መጀመሪያ ነው። እኔ ባልከፋኝ ቀን የከፋው ሰው ልቅሶ አፌ ውስጥ ይገባል። ሰልፉ ላይ ከፊቴ የቆመውን ሰው አያለሁ፤ ፊቱ ጠቁሯል፣ ምን እንደገጠመው አላውቅም። ያን ቀን የእሱን ዳዊት እየደገምኩለት ሊሆን ይችላል። እኔ ባዘንኩበት ሐሙስም አንድ ቦታ አንድ ሰው የእኔን ምስጋና ይዞልኛል።

ለእኔ የማይጠፋ ደስታ ማለት ይህ ሆኗል። ፈንጠዝያ አይደለም፤ ፈንጠዝያ ምክንያቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ስለ ደስታ ደጋግሞ የጻፈው በእስር ላይ ሆኖ ነው። ሰንሰለቱን ደብቆ አልጻፈም፤ ደስታውንም ሰንሰለቱ እስኪፈታ አላቆየውም።

እንዳትሳሳቱ፣ አሁንም እፈራለሁ። ሌሊት ስልክ ሲጮኽ ልቤ ይወርዳል። የወሩ መጨረሻ ሲቃረብ ሒሳቡን ሦስት ጊዜ እደምራለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው። ግን ፍርሃቱ እንደ ድሮው ቀኑን ሙሉ አይገዛኝም። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ሲል ከኋላዬ ሕፃን ያዘለችውን «አንቺ ግቢ» ለማለት የሚሆን ቦታ ውስጤ ተርፏል። በ12 ደግሞ ለሚካኤል ነጠላቸውን ለብሰው ወደ የካ የሚሄዱ እናቶች ሰልፉን ሲሞሉት አልነጫነጭም፤ አንዷን «ለእናቴም ይጸልዩላት፣ እማማ» እላለሁ። «ስመ ክርስትናዋ ማነው?» ይሉኛል ወዲያው። ነግሬያቸው ይሄዳሉ።

ነገ ረቡዕ ነው፣ የእጥበት ቀን። ድርሻው ሁለት ንጉሥ ብቻ ነው። እናቴ ማሽኑ ላይ ሆና አንደኛውን ትሰማለች፤ ሁለተኛው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይወስዳታል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ እስከ 80 እጨርሰዋለሁ።