ከፉሪ ጣቢያ እስከ ባሕር ዳርቻ፤ ከሕፃናት ጋራ ለሚደረግ የመጀመሪያ መንገድ መሰናዶ

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍል፥ ፉሪ የሚባለው ስፍራ ይገኛል። እንጦጦ በሰሜን፥ ወጨጫ በምዕራብ፥ የረርም በምሥራቅ ከተማዪቱን እንደ ዘበኛ ከበዋት እንደሚታዩ ሁሉ፥ የፉሪ ተራራም በደቡብ ምዕራብ በኩል ቆሞ ይጠብቃታል። ይህ አገር ቀድሞ የሚታወቀው በእርሻውና በተራራው ነበር። አሁን ግን ስሙን ከሩቅ አገር ሰዎች ጆሮ ያደረሰው ፉሪ ለቡ የተባለው የምድር ባቡር ጣቢያ ነው።

የፊተኛው ምድር ባቡር ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እንደ ደረሰ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። የዚያ ዘመን መንገደኛ ለገሃር ተሳፍሮ፥ ሌሊቱን አዋሽና ድሬዳዋ እያደረ፥ በሦስተኛው ቀን ባሕር ያይ ነበር። በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሄደው ዐዲሱ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፥ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. የዘወትር አገልግሎቱን ከጀመረ ወዲህ ግን፥ የመንገደኛው መነሻ ከለገሃር ወደ ፉሪ ተዛውሯል። ኢትዮጵያም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የራሷ የባሕር ጠረፍ የሌላት ስለ ሆነች፥ ለብዙ የአዲስ አበባ ልጅ የባሕር በሩ ይህ የፉሪ ጣቢያ ሆነ ብንል ከእውነት አንርቅም።

ዛሬ በዚህ ገጽ ልንነጋገርበት የወደድነው ከአንድ ዓመት እስከ አራት ዓመት የሚሆናቸውን ሕፃናት ይዘው፥ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ለማየትና በመርከብ ለመሳፈር ስለሚነሡ ወላጆች ነው። ዐሳቡ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን በዚህ መንገድ ድካሙን ሁሉ የሚሸከመው፥ ስለ ራሱም ሊናገር የማይችለው፥ ከሁሉ የሚያንሰው መንገደኛ ነው። አዋቂ ቢጠማው ውሃ ይጠይቃል፤ ሕፃን ግን ከመጠማት አልፎ እስኪዝል ድረስ ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ጥንቃቄው ከቤት ሊጀመር ይገባዋል።

ስለ ወራቱና ስለ ወረቀቱ

ከሁሉ በፊት ወራቱን መምረጥ ነው። ጅቡቲ በበጋዋ፥ ማለት በእኛ ክረምት፥ ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በደጋ ብርድ ያደገ ሕፃን በዚያን ጊዜ ሊወሰድ አይገባም። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ወራት ለስላሳ ነውና፥ ወላጅ መንገዱን በዚያ ጊዜ ቢያደርግ ግማሹን ችግር ያለ ምንም ወጪ አስቀረ ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ወረቀቱ ነው። እያንዳንዱ ሕፃን የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል። ከወላጆቹም አንዱ ብቻ ይዞት የሚሄድ እንደ ሆነ፥ የሌላውን ፈቃድ በጽሑፍ አረጋግጦ መያዝ ከድንበር ላይ ክርክር ያድናል። ጅቡቲ ከኢትዮጵያ በሚመጡትና አንድ ዓመት በሞላቸው መንገደኞች ላይ የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ትጠይቃለች። ክትባቱ ዘጠኝ ወር ለሞላው ሕፃን ይሰጣል፤ ምስክር ወረቀቱ ግን የሚጸናው ከተከተበ ከ10 ቀን በኋላ ነው። በመንገዱ ዋዜማ ወደ ሐኪም የሚሮጥ ወላጅ እንግዲህ ዘግይቷል። ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ጊዜ የተሰጠው ክትባት ለዕድሜ ልክ እንዲያገለግል ስለ ተወሰነ፥ ወረቀቱን እንደ ርስት ሰነድ አክብሮ ማኖር ይገባል። የኩፍኝ ክትባትም በዘጠኝ ወርና በ15 ወር የሚሰጠው መፈጸሙን በዚያው ቀን ማረጋገጥ ነው።

የባቡሩ መነሻ ቀንና ሰዓት ሊለወጥ ስለሚችል፥ ቲኬት ለመቁረጥ በሚኬድበት ጊዜ ደኅና አድርጎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ማታ ማታ የሚተኛ ሕፃን ያለው ወላጅ አልጋ ያለውን ፉርጎ ቢያገኝ የታችኛውን አልጋ ይምረጥ፤ ከላይኛው አልጋ የሚወድቅ ሕፃን መንገዱን በሐኪም ቤት ይጨርሰዋልና። ጣቢያው ከመሐል ከተማ የራቀ፥ የከተማውም ቀላል ባቡር የማይደርስበት ስለ ሆነ፥ ማለዳ በመኪና የሚያደርስ ሰው አስቀድሞ መያዝ ነው።

ስለ ስንቅና ስለ ጓዝ

አባቶቻችንና እናቶቻችን መንገድ ሲነሡ በሶ፥ ጭኮ፥ ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ ይሰንቁ ነበር። ይህ ስንቅ ዛሬም አላረጀም፤ ለሕፃን ግን መለየት ያስፈልገዋል። ጭኮው ለስላሳ ነው፤ በሶውም ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ቢበጠበጥ ሆድ ይይዛል። ቆሎና ለውዝ ግን አራት ዓመት ላልሞላው ልጅ ሊሰጥ አይገባም። መንጋጋው ገና ስለ ሆነ፥ ባቡሩም ስለሚያወዛውዘው፥ አንዲት ፍሬ ወደ አየር ቧንቧው ብትገባ ታንቀዋለች።

በፉሪ ጣቢያ አዳራሽ አንዲት አያት ለልጅ ልጃቸው ቆሎ ከመዳፋቸው ሲያቀርቡለት፥ ምራታቸው ዝቅ ብላ፥ «እማማ፥ ጥርሱ ገና ነውና ጭኮውን ቢሰጡት ይሻላል» ስትላቸው ሰምተናል። እርሳቸውም፥ «እውነትሽን ነው ልጄ፤ ቆሎውን እኔው እበላዋለሁ» አሏት። እንዲህ ያለ ምክር በአክብሮት ሲነገር ሽማግሌን አያስቀይምም፤ ልጅንም ያድናል።

ጡት የሚጠባ ሕፃን ከጡት የሚሻል ስንቅ የለውም። ስድስት ወር ያልሞላው ከሆነ፥ በቆላ ሙቀት እንኳ ሌላ ውሃ አይሻም፤ ቶሎ ቶሎ ማጥባት ብቻ ይበቃዋል። እናቲቱ ግን ራሷ ብዙ ውሃ ትጠጣ። ማር ደግሞ፥ ምንም እንኳ በአገራችን የተከበረ ምግብ ቢሆን፥ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ከቶ አይሰጥም።

የመድኃኒቱ ከረጢት ትንሽ ይሁን እንጂ ሕይወት አድን የሚባለው የኦ አር ኤስ ቅመም አይጕደልበት። አንዱ ከረጢት እሽጉ ላይ በተጻፈው ልክ፥ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፥ ይበጠበጣል። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን በማንኪያ በማንኪያ ይሰጠዋል። እርሱ የታጣ እንደ ሆነ፥ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መስጠት ይቻላል፤ ጨው መብዛት ግን ይጎዳልና ልኩ ይጠበቅ። የትኵሳት መድኃኒትም በሕፃኑ ክብደት ስለሚለካ፥ መጠኑን ሐኪም በወረቀት ይጻፈው።

ስለ ጓዝ ብንናገር፥ አንቀልባ ከዘመናይ ጋሪ ይበልጣል። በባቡር ደረጃና በመርከብ መሸጋገሪያ ላይ ጋሪ እጅ ይይዛል፤ አንቀልባ ግን ሁለቱንም እጅ ነጻ ያወጣል። ከዚህ በቀር፥ ለፉሪ ማለዳ ጋቢ፥ ለድሬዳዋ ቀትር ስስ ጥጥ ልብስና ባርኔጣ፥ ለሌሊቱም አጎበር ይያዝ።

ስለ ቍልቁለቱ መንገድ

ባቡሩ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከፉሪ ተነሥቶ፥ በቢሾፍቱ ሐይቆች አጠገብ፥ በሞጆና በአዳማ አልፎ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። ጤፉ ከእርሻው ላይ እየሳሳ ግራሩ እየበዛ ይሄዳል። መተሐራ ሲደረስ የፈንታሌ ተራራና የበሰቃ ሐይቅ ይታያሉ። ይህም ሐይቅ ባለፉት ብዙ ዓመታት እየሰፋ ሄዶ መንገድንና የፊተኛውን ባቡር ሐዲድ ያስቸገረ ነው። ከዚያ አዋሽ፥ ከአዋሽም በሚኤሶ አድርጎ ድሬዳዋ።

የባቡር ቍልቁለት ከአውሮፕላን የሚሻልበት ነገር አለው፤ ቀስ በቀስ ስለሚወርድ የሕፃኑ ሰውነትም ቀስ በቀስ ይለምዳል። ወላጅም አገሩን እየተከተለ ሊያለብስና ሊያራቍት ይገባዋል፤ አዳማ ላይ ጋቢው፥ መተሐራ ላይ ሹራቡ ይውለቅ። የሕፃኑ ሽንት ማነስና መጥቆር፥ የከንፈሩ መድረቅ፥ ሲያለቅስ እንባ ማጣት፥ እነዚህ ሁሉ የጥማት ምስክሮች ናቸውና በየጣቢያው ይመርመሩ።

የወባም ነገር አይዘንጋ። በአገራችን ከሁለት ሺህ ሜትር በታች ያለው ቦታ አብዛኛው ወባ የሚገኝበት ነው። በድሬዳዋም በ2006 ዓ.ም. ደንጊ፥ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ቺኩንጉንያ የተባሉ የትኵሳት በሽታዎች ተነሥተው ነበር። እነዚህን የምታመጣው ትንኝ በቀን የምትነድፍ ስለ ሆነች፥ የሌሊቱ አጎበር ብቻ አይበቃም፤ ለቀኑም እጀ ረጅም ልብስ ያስፈልጋል።

ድሬዳዋ ከመንገዱ እኩሌታ የሚበልጠው የተፈጸመባት ከተማ ናት። ለወላጅም የፍርድ ቦታ ትሁን እንላለን። ድል ጮራ የሚባለው ሆስፒታል አለ፤ የአውሮፕላን ማረፊያም አለ። ከዚያ ወዲያ ግን እስከ አይሻና እስከ መጨረሻው የኢትዮጵያ ጣቢያ እስከ ደወሌ ድረስ ያለው በረሃ ነው፤ ለታመመ ሕፃን የሚሆን መጠጊያ በቅርብ አይገኝበትም። ስለዚህ ትኵሳት የያዘው፥ የሚያስመልሰው ወይም ፈዞ የሚተኛ ሕፃን ያለው ቤተ ሰብ መንገዱን እዚያው ያቁም። የመርከቡ ገንዘብ ተከፍሏል፥ ዘመድ ይጠብቀናል ማለት ምክንያት አይሆንም። ባሕሩ ለከርሞም ከቦታው አይነሣም፤ ከድሬዳዋ መመለስም ለወላጅ ነውር አይደለም።

ስለ መርከቡ

ጅቡቲ የደረሰ ቤተ ሰብ በመጀመሪያው ቀን ከመርከብ አይሳፈር፤ አንድ ቀን አርፎ ሕፃኑ ሙቀቱን ይልመድ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሆነው የባሕር መንገድ አጭሩ ነው፤ ማለት በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ወደ ታጁራ ወይም ወደ ኦቦክ የሚያሻግረው። ከዚህም አስቀድሞ በአገር ውስጥ ልጁን በጀልባ ማለማመድ ይቻላል፤ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጣና ላይ፥ ወይም በሐዋሳ ሐይቅ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ያሳፈሩት ልጅ፥ በባሕር ላይ ሲወዛወዝ አይደነግጥም።

የመርከብ ሕግ ከሐዘን የተወለደ ሕግ ነው። ታይታኒክ የተባለችው መርከብ በሚያዝያ 1904 ዓ.ም. ከሰጠመች በኋላ፥ መንግሥታት ተሰብስበው በ1906 ዓ.ም. በባሕር ላይ ሕይወትን ስለ ማዳን የመጀመሪያውን ውል ተፈራረሙ። ዛሬ በመንግሥታት መካከል በሚሄዱ የመንገደኛ መርከቦች ላይ የሚጸናው ይኸው ውል፥ ክብደታቸው ከ15 ኪሎ በታች ለሆኑ ሕፃናትና ከ15 እስከ 43 ኪሎ ለሚመዝኑ ልጆች የተለየ የመንሳፈፊያ ሰደርያ እንዲኖር ያዛል። የአዋቂ ሰደርያ ከሕፃን ላይ ሾልኮ ይወጣልና አያድነውም። ስለዚህ ወላጅ እግሩ መርከቡን እንደ ረገጠ የልጁን ሰደርያ ይጠይቅ፤ አልብሶም ይሞክረው። በትንሽ ጀልባም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ የልጅ ሰደርያ ከሌለ አለመሳፈር ይሻላል።

በውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን በትልልቁ የመዝናኛ መርከብ የሚጋብዙን እንደ ሆነም፥ ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ብዙዎቹ ኩባንያዎች ስድስት ወር ያልሞላውን ሕፃን አይቀበሉም፥ ውቅያኖስ ለሚያቋርጠው ጉዞ ደግሞ አንድ ዓመት እንዲሞላው ይፈልጋሉ። የሽንት ጨርቅ ያልተወ ሕፃንም ባብዛኛው ወደ ዋናው ገንዳ አይገባም። ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው መርከብ በጥር 2004 ዓ.ም. በኢጣልያ ጠረፍ ከተገለበጠች ወዲህ፥ የአደጋ ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም ወዲያው እንደ ተነሣ እንዲደረግ ታዟል። ሕፃን አለቀሰ ብሎ ከዚህ ልምምድ መቅረት አይገባም።

የባሕር ማጥወልወል ሁለት ዓመት ያልሞላቸውን እምብዛም አይነካም፤ ከዚያ በላይ የሆኑትን ግን ያገኛቸዋል። ከመርከቡ መካከል መቀመጥ፥ ጥቂት ጥቂት መብላት፥ ዐይንን ከሩቁ አድማስ ላይ ማኖር ይረዳል። የማጥወልወያ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሕፃን አይሰጥም።

ስለ ጠባቂው

ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ወደ መጨረሻ አኑረነዋል። አባት፥ እናት፥ አያት፥ ሞግዚትም ባሉበት ሕፃን ወደ ውሃ የሚገባው ጠባቂ በማጣት አይደለም፤ እያንዳንዱ ሌላው ያየዋል ብሎ ሲያምን ነው። ሕፃን በጥቂት ጣት ጥልቀት ውሃ ሊሰጥም ይችላል፤ ሲሰጥምም አይጮኽም። ስለዚህ ባሕር ዳርም ሆነ መርከብ ላይ፥ በየሰዓቱ አንድ ሰው በስሙ ይሾም፤ እጁም ከሕፃኑ አይራቅ። ተራው ሲደርስ፥ «ተረክቤአለሁ» ብሎ በቃል ይረከብ። ቤተ መንግሥትን የሚጠብቅ ዘበኛ ተተኪው ሳይመጣ ስፍራውን እንደማይለቅ ሁሉ፥ የሕፃን ጠባቂም እንዲሁ ነው።

ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ይህን መንገድ ሲያድግ ላያስታውሰው ይችላል። ነገር ግን ከደጋው እስከ ጨዋማው ውሃ በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ በደኅና መውረዱና በደኅና መመለሱ፥ ለቤተ ሰቡ ሁሉ ዘወትር የሚነገር ታሪክ ይሆናል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ከፉሪ ስትነሡ ጓዛችሁ ቀላል፥ ጥንቃቄያችሁ ከባድ ይሁን። መልካም መንገድ ይሁንላችሁ።