ሁሉም ጆርዳን ከሆነ

መቼም የህልም ቡድን በወረቀት ማዋቀር የማይወድ የቅርጫት ኳስ አፍቃሪ የለም። እኔ አምስቱንም ነጥብ አስቆጣሪ አደረግኳቸዋ! "ታዲያ ሪባውንዱን ማን ሊለቅም ነው?" ብሎ አንዱ ሳቀብኝ።

እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1995-96 ቺካጎ ቡልስ 72 ጨዋታ አሸንፎ በ10 ብቻ ሲሸነፍ፣ ጆርዳን ያስቆጥር ነበር፤ ሮድማን ደግሞ በአማካይ 6 ነጥብ እንኳ ሳይሞላ ወደ 15 ሪባውንድ ይለቅም ነበር።

ሦስት ጓደኛሞች የከፈትናት ፎቶ ኮፒ ቤት ግን በስድስት ወሯ ተዘጋች። ለምን ቢሉ፣ ሁላችንም አለቃ! ወረቀት የሚገዛ፣ ሂሳብ የሚይዝ ጠፋ። ከአንደኛው ጋር እስከ ዛሬ ሰላምታ የለንም።

እናንተ ሱቅም ሆነ ትዳር ስትጀምሩ፣ ማን ምን እንደሚሠራ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እኔ ሰሞኑን ያንን ጓደኛዬን ማኪያቶ ልጋብዘው ነው። "በቃ አንተ አስቆጥር፣ ሪባውንዱን እኔ እለቅማለሁ" ልለው።