ቦቢ መቼ ይታጠብ?

በዚህ እትም የምጽፍላችሁ ስለ ውሻ ነው። «ስለ ውሻ ደግሞ ምን ይጻፋል?» እንዳትሉኝ። ቡችላን ለመጀመሪያ ጊዜ ማጠብ ቀላል ነገር ይመስላል። ግን ያለ ጊዜው ከታጠበ ሊሞት ይችላል። በዚህ ጉዳይ እኛ ቤት ሦስት ሳምንት ሙሉ ክርክር ነበር።

ቦቢ ወደ ቤታችን የመጣው በነሐሴ፣ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ነው። እናቱን አስፋልት ላይ መኪና ገጭቷት ስለሞተች አባቴ በካፖርቱ ኪስ ይዞት መጣ። ቁንጫው አይነሳ! ሆዱ ላይ ፀጉሩን ገለጥ ስታደርጉት ወዲያና ወዲህ ይሯሯጣል። ይሸታልም። እናቴ ይህን ስታይ «እስከ እንቁጣጣሽ ቁንጫው ካልጠፋ ለሰው ይሰጣል። ቤቴን የቁንጫ ቤት አላደርግም» አለች። እናቴ አንዴ ካለች አለች ነው። የሚወስደው ሰው ደግሞ አልነበረም። ስለዚህ መሰጠት ማለት መጣል ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

ከዚያ ምክር በየአቅጣጫው መጣ። ታላቅ ወንድሜ «ዛሬውኑ በልብስ ሳሙና እንጠበው» አለ። አንዲት ጎረቤታችን «ነጭ ጋዝ ቀቡት፣ በአንድ ቀን ድራሹ ይጠፋል» አሉ። አያቴ ደግሞ «ኧረ ተዉት፣ ውሻ ራሱን ልሶ ያድጋል» አሉ። እኔ የማስበው ስለ ብርዱ ነበር። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በነሐሴ የትምህርት ቤት ሹራቤ እንኳን ሦስት ቀን ተሰጥቶ አይደርቅም። ታዲያ ቡችላ እንዴት ይደርቃል?

አባቴ «የሚያውቅ ይጠየቃል» ብሎ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይዞን ሄደ። ሐኪሙ መጀመሪያ የቦቢን አፍ ከፍቶ ጥርሱን አየ። እኔ ጥርስና መታጠብ ምን ያገናኘዋል ብዬ ገረመኝ። ለካ ዕድሜውን እያነበበ ነው። ቡችላ ሲወለድ ጥርስ የለውም። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ማውጣት ይጀምራል። ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው 28ቱም የወተት ጥርሶቹ አብዛኛውን ጊዜ ወጥተው ያልቃሉ። (ትልቅ ውሻ 42 ጥርስ አለው፤ ከእኛ በአሥር ይበልጣል!) ሐኪሙ «የኋላዎቹ ገና ብቅ እያሉ ነው። አምስት ወይም ስድስት ሳምንት ቢሆነው ነው። ሁለት ወር ሳይሞላው ውኃ ውስጥ አታስገቡት» አለን።

ምክንያቱንም ነገረን። ትንሽ ቡችላ እንደ ትልቅ ውሻ የሰውነቱን ሙቀት በደንብ መጠበቅ አይችልም። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከሰው ከፍ ይላል። ቡችላው ሲርስ ግን ሙቀቱ ቶሎ ይወርዳል። እናቱ ብትኖር እየላሰች ታጸዳዋለች፣ ታቅፋም ታሞቀዋለች። ቦቢ ግን እናት የለውም። ነጭ ጋዝማ ጭራሽ አይነካም። ቆዳ ያቃጥላል፣ በቆዳም በኩል ወደ ሰውነት ይገባል፤ ውሻ ደግሞ የተቀባውን ሁሉ ይልሳል።

ወንድሜ «እንግዲያው ዝም ብለን እንተወው?» ብሎ ጠየቀ። «አይሆንም» አለ ሐኪሙ። ቁንጫ የሚኖረው በደም ነው። ከበዛ ትንሽ ቡችላ ደም አንሶት ሊሞት ይችላል። «በየቀኑ ድዱን እዩ። ሮዝ ከሆነ ደህና ነው። ከነጣ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት» አለን። በቃ ጨነቀኝ። ማጠቡም አደጋ፣ መተዉም አደጋ!

መፍትሔው ግን ቤታችን መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ያ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለው የቅማል ማበጠሪያ። (አሁን የቦቢ ብቻ ሆኗል፤ እናቴ ሌላ ገዛች።) ጠዋትና ማታ ቦቢን ጭኔ ላይ አድርጌ ከአንገቱ እስከ ጭራው አበጥረው ነበር። አጠገቤ ሳሙና የተበጠበጠበት ውኃ በጣሳ አለ። ቁንጫው ማበጠሪያው ላይ ሲያዝ እዚያ እነክረዋለሁ። በንጹሕ ውኃ ብቻ ቢሆን ዘሎ ሊያመልጥ ይችላል፤ የሳሙና ውኃ ውስጥ ግን ይሰምጣል። የመጀመሪያው ቀን 37 ቆጠርኩ። በሳምንቱ 9 ሆነ። ቆሻሻውን ደግሞ ለብ ባለ ውኃ በረጠበና በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ጠረግ አድርጌ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አደርቀዋለሁ።

ከማበጠሪያው ላይ እንደ በርበሬ ፍሬ ስባሪ ያሉ ጥቃቅን ጥቁር ነገሮችም ይወርዳሉ። እነሱን እርጥብ ነጭ ጥጥ ላይ ስታደርጓቸው ዙሪያቸው ይቀላል። ይህ የቁንጫ ኩስ ነው፤ የቀላው ከውሻው የመጠጠው ደም ነው። አፈር ከሆነ ግን አይቀላም። ይህን ለእናቴ ሳሳያት «ውይ፣ ይሄን ሁሉ ደም!» አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ዳበስ አደረገችው።

የሚተኛበትን ጆንያም በየሦስት ቀኑ በፈላ ውኃ እንቀቅል ነበር። ምክንያቱም የቁንጫ እንቁላል ከውሻው ላይ እየረገፈ መኝታው ላይ ይፈለፈላል። ውሻውን ብቻ አጽድቶ መኝታውን መርሳት በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው።

ጳጉሜ 3 ቀን፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ዝናቡ ሲወርድ ልጆች ሁሉ ወጥተን ስንታጠብ ትንሹ ወንድሜ ቦቢን በብብቱ ይዞ ሮጦ መጣ። «እሱም ይጠመቅ!» ይላል። ያኔ ያስጣሉት ማን ይመስሏችኋል? አያቴ ናቸው። «መልስ አንተ ልጅ! ሩፋኤል ለዚህኛው ፀሐይ ያወጣለታል» ብለው በነጠላቸው ጠቅልለው ወደ ምድጃው ወሰዱት።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ እናቴ ማበጠሪያውን ከእጄ ተቀብላ ራሷ አበጠረችው። ሁለት ቁንጫ ብቻ አገኘች። ትንሽ ዝም አለችና «እሺ፣ ፀሐይ እስኪወጣ ይቆይ» አለች። እኔ እልል ማለት ነው የቀረኝ።

ፀሐይዋ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ወጣች። ቦቢም ሁለት ወር አልፎታል። እሑድ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ንፋስ በሌለበት በግቢያችን ጥግ አጠብነው። እንዴት እንዳጠብነው ልንገራችሁ። ሳፋው ሥር ጨርቅ አነጠፍን፤ እግሩ ሲንሸራተት እንዳይደነግጥ። ውኃውን በክርናችን ለካን፤ ለብ ያለ እንጂ ትኩስ አይደለም። የልብስ ሳሙና የውሻን ስስ ቆዳ ስለሚያደርቅና ስለሚያሳክክ ሐኪሙ የነገረንን የቡችላ ሻምፖ ጥቂት ተጠቀምን። አረፋውን መጀመሪያ አንገቱ ዙሪያ አደረግን፤ አለበለዚያ የቀሩት ቁንጫዎች ከውኃው ሸሽተው ወደ ፊቱና ወደ ጆሮው ይወጣሉ። ራሱ ላይ ውኃ አላፈሰስንም፤ በጨርቅ ብቻ ጠረግነው። ሳሙናው እስኪለቅ ድረስ አለቅልቀን ቶሎ አወጣነው።

ፀጉሩ ሲረጥብ ቦቢ የለም! ያ ድቡልቡል ቡችላ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር፣ እፍኝ የማይሞላ ነገር ሆነ። ልቡ በመዳፌ ላይ ድው ድው ይላል። ይህች ሰውነት የነሐሴን ብርድ እንዴት ትችለው ነበር? ወንድሜም አይቶት ዝም አለ። ከዚያ የራሱን አሮጌ ብርድ ልብስ አምጥቶ ጠቀለለውና እስኪደርቅ ድረስ ፀሐይ ላይ አቅፎት ተቀመጠ።

እኔ ከዚህ የተረዳሁት ማጽዳትና ማጠብ አንድ አለመሆናቸውን ነው። ማጽዳት በመጣበት ቀን በማበጠሪያ ይጀመራል። ማጠብ ግን ዕድሜንና ፀሐይን ይጠብቃል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ቡችላ ግን ከፈሰሰ አይለቀምም።

ቡችላ ያላችሁ ልጆች፣ ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሦስት ወር ሲሞላው ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቡት። የቦቢ ተራ በጥቅምት ነው፤ እናቴ ቀኑን ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር ራሷ አክብባበታለች።

ሰላም ሁኑ።

ከ7ኛ «ለ» ክፍል