ከጨረታው በኋላ ያለው ሥራ

የወረዳችን የጨረታ ኮሚቴ አባል ሆኜ ስመረጥ ሥራዬ ሌባ መጠበቅ መስሎኝ ነበር። ሌባ ማለት ደግሞ ለእኔ ፖስታ የሚለውጥ ወይም የተወዳዳሪን ዋጋ ሹክ የሚል ሰው ነው። ስለዚህ ጨረታ ሲከፈት ዓይኔን አልነቅልም። ፖስታው በተጫራቾች ፊት ይቀደዳል፤ የጨረታ ማስከበሪያው ሲፒኦ ይታያል፤ ዋጋው ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ቃለ ጉባኤ ይፈረማል። እኛም እፎይ ብለን ወደየቤታችን።

ሰው ሁሉ አፍጥጦ የሚያየው ቀን ለስርቆት እንደማይመች የገባኝ በአንድ ትምህርት ቤት ግንባታ ነው። መሬቱ መረሬ ነበር፤ ክረምት አብጦ በጋ እየተሰነጠቀ መሠረት የሚያናጋ አፈር። በውሉ ከተጻፈው በላይ ቆፍሮ አፈሩን ማውጣትና በገረጋንቲ መሙላት ግድ ሆነ። ተጨማሪ ሥራው ተገቢ ነበር፤ የክፍያ ጥያቄው ግን የመጣው ጉድጓዱ ከተደፈነ በኋላ ነው። ስንት ሜትር ኩብ ተቆፈረ? ተቋራጩ አንድ ቁጥር ይጠራል፣ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ሌላ። ማስረጃው ከሙሌቱ ሥር ነው።

ያኔ የውሉን ፋይል ገጽ በገጽ ሳገላብጥ ሌላ ክፍተትም አየሁ። በ2002 የወጣው የፌዴራል የግዥ መመሪያ ቅድመ ክፍያ ከውሉ ዋጋ 30 በመቶ እንዳይበልጥ፣ በልኩም ዋስትና እንዲያዝበት ያዝዝ ነበር፤ የእኛም ውል እንዲሁ ነበር። ባንክ የሚሰጠው ዋስትና ግን ማብቂያ ቀን አለው። ሲሚንቶ ጠፍቶ ሥራ ሲጓተት የውሉ ጊዜ ይራዘማል፤ ዋስትናውን አሳድሱ ብሎ የሚከታተል ከሌለ ግን ቀኑ ያልፍና ተራ ወረቀት ይሆናል። ተቋራጩ ጥሎ ቢሄድ ባንኩን የምንጠይቅበት መብት የለንም።

«አሸናፊ ከተለየ የእናንተ ሥራ አልቋል» ያሉኝ ባለሙያዎች ከአሠራር አንጻር ልክ ናቸው። ነገር ግን ውሉን የሚከታተል ሰው በስም ካልተመደበ፣ በጨረታው ቀን የተጠበቀው ገንዘብ በኋላ በሙሌትና በፌሮ ልኬት ይሾልካል። ክፍያ እያዘገዩ መቆጣጠርም አያዋጣም፤ ገንዘቡ በጊዜው ያልደረሰው ተቋራጭ ሠራተኛ ይበትናል፣ ሥራው ይቆማል፣ ዋጋውም ይንራል።

ዛሬ አዲስ የኮሚቴ አባል ምክር ሲጠይቀኝ ስለ ፖስታ ብዙም አላወራም። ኮንክሪት ከመፍሰሱና አፈር ከመመለሱ በፊት ማን እንደለካ፣ ማን እንደፈረመ፣ ዋስትናው መቼ እንደሚያበቃ ጠይቅ እለዋለሁ። መልሱ ካለ ክፍያው ሳያድር ይውጣ።