ያድግበታል

ታናሽ ወንድሜ የሰፈራችን ቡድን ግብ ጠባቂ በሆነ ጊዜ ጓንት ልገዛለት ወደ ገበያ ወጣሁ። ቍጠባ መስሎኝ «ያድግበታል» በማለት ከእጁ የሚሰፋውን መረጥሁ። በመጀመሪያው ግጥሚያ ጓንቱ በእጁ ላይ ዞረበትና ኳሱ አመለጠው፤ ጣቱንም ወለም አለው። ልጁ ግን እኔን ላለማሳዘን «ጓንቱ መልካም ነው» አለኝ።

ለካ መሣሪያ ሁሉ እንደ ሥራውና እንደ ባለቤቱ ኖሯል። የግብ ጠባቂ ጓንት መዳፉ ኳስ እንዲይዝ ይለሰልሳል፤ የቡጢ ጓንት ግን የሚመታውን እጅ ከስብራት እንዲጠብቅ በውስጡ ይደለደላል። አበበ ቢቂላም በ1952 ዓ.ም. በሮም አዲሱ ጫማ ስላልተስማማው ማራቶኑን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ፤ በ1957 ዓ.ም. በቶክዮ ግን ጫማ አድርጎ ድሉን ደገመው።

እንግዲህ ለልጆቻችን ስንገዛ የነገውን ሳይሆን የዛሬውን እጃቸውን እንለካ።