ልባችሁ ዝም ብሎ አይሮጥም

እስቲ ላስቸግራችሁ። ከመቀጠላችሁ በፊት ሁለት ጣታችሁን ከአውራ ጣታችሁ ሥር፣ የእጅ አንጓችሁ ላይ አሳርፉ። በአውራ ጣት አትለኩ፣ የራሱ ምት ስላለው ያሳስታችኋል። 30 ሰከንድ ቁጠሩና በ2 አባዙት።

ያስተማርኳችሁ ልጆች ይሄን ታውቁታላችሁ። የደም ዝውውር ምዕራፍ ላይ ስንደርስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ጠመኔ የለም፣ ደብተር የለም፣ ሁሉም አንጓውን ይዞ ይቆጥራል። አንዱ 68፣ አንዷ 84፤ ከኋላ ወንበር ደግሞ ሁሌ አንድ አይጠፋም፦ «ቲቸር፣ እኔ የለኝም!» (የጠፋው ምቱ ሳይሆን ቦታው ነው።)

እረፍት ላይ ላለ አዋቂ ሰው ከ60 እስከ 100 ያለው የተለመደ ነው። ዘወትር የሚሮጡ ሰዎች ከ60 በታች ቢሆኑ አይገርምም፤ ልባቸው በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚገፋ ቶሎ ቶሎ መምታት አያስፈልገውም። በደቂቃ 72 ብንል እንኳ በቀን 103,680 ምት ነው። ያለ እሁድ፣ ያለ በዓል።

ይሄን ሁሉ ምት የሚያዘው ማነው ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አንጎል!» ይላል። አይደለም። ልብ ለመምታት የአንጎልን ትእዛዝ አይጠብቅም። በቀኝ በኩል በላይኛው የልብ ክፍል ግድግዳ ላይ ኤስ ኤ ኖድ የምንላት ትንሽ የሴሎች ስብስብ አለች። እሷ በራሷ ጊዜ የኤሌክትሪክ ምልክት ትለቃለች፣ ልብም ይመታል። ማንም ሳይነካት ብትተው በወጣት ሰው በደቂቃ 100 ገደማ ታስመታለች።

ታዲያ ቁጭ ብለን ለምን 70 ሆነ? ፍሬን ተይዞ ነዋ!

የዓባይን በረሃ በመኪና የወረደ ሰው ይገባዋል። ቁልቁለቱ ላይ ሾፌሩ ነዳጅ መስጠት አያስፈልገውም፤ መኪናው በራሱ መሄድ ይፈልጋል። ሥራው መያዝ ነው። ትንሽ ፈጠን ማለት ከፈለገ ፍሬኑን ላላ ያደርጋል፣ በቃ። ሰውነታችንም እንደዚያ ነው። ከአንጎል ሥር ተነስቶ ወደ ልብ የሚወርድ ቬገስ የሚባል ነርቭ አለ፤ ፍሬኑ እሱ ነው። ተረጋግታችሁ ስትቀመጡ ቬገስ ሥራ ላይ ነው። እርጋታ ማለት ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይደለም፤ ሳያቋርጡ መያዝ ነው።

ለዚህ ምስክር አለን። ልብ የተተካላቸው ሰዎች ነርቮቹ በቀዶ ጥገናው ስለሚቆረጡ፣ አዲሱ ልባቸው ቁጭ ብለውም በደቂቃ ከ90 እስከ 110 ገደማ ይመታል። ፍሬን የሚይዝለት የለማ። ደረጃ ሲወጡም ቶሎ አይፈጥንም፤ አድሬናሊን በደም ተጉዞ እስኪደርስ ይጠብቃል።

ቬገስ ፍሬኑን በምን ይይዛል የሚለውን ያሳየን ኦቶ ሎዊ የሚባል ሰው ነው። በ1921 ኦስትሪያ፣ ግራትስ ከተማ ውስጥ ነው። እሱ ራሱ እንደተረከው ሐሳቡ የመጣለት በሕልም ነው፤ ሌሊት ተነስቶ ጻፈው፣ ጠዋት ግን የገዛ ጽሑፉን ማንበብ አቃተው። በማግስቱ ሌሊት ሕልሙ ሲመለስ ቀጥታ ወደ ላቦራቶሪው ሄደ። የአንዲት እንቁራሪትን ልብ የቬገስ ነርቭ ቀሰቀሰ፣ ልቡ ቀነሰ። ልቡ የነበረበትን ፈሳሽ ወስዶ ነርቭ ለሌለው ለሌላ ልብ ሰጠው። እሱም ቀነሰ። ነርቩ ለልብ የሚናገረው በኬሚካል ነው ማለት ነው። በ1936 የኖቤል ሽልማት ተካፈለበት።

ከተኛችሁበት ብድግ ስትሉ ደም ወደ እግር ይወርዳል፣ ግፊቱ ይቀንሳል። አንገታችን ውስጥና ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ላይ ያሉ ግፊት ለካዎች ለአንጎል ሪፖርት ያደርጋሉ፤ አንጎል ወዲያው ፍሬኑን ያላላል። እናንተ ገና ነጠላ ጫማችሁን ስትፈልጉ ነገሩ አልቋል። ነዳጅ የሚሰጡት ሌሎች ነርቮች ትንሽ ዘግየት ብለው ይደርሳሉ። ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች የሚወጣው አድሬናሊን ደግሞ ዘግይቶ መጥቶ ዘግይቶ ይሄዳል። መኪና ለጥቂት ከሳታችሁ በኋላ፣ አደጋው አልፎም ልባችሁ ድው ድው የሚለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ያወራሁት ለአንድ ነገር ነው። ልብ ዝም ብሎ አይሮጥም፣ ለሆነ ነገር መልስ እየሰጠ ነው። ጥያቄው «ምን ጠየቀው?» ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የ12ኛ ክፍል ተማሪዬ የነበረች ልጅ (ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው፣ ስሟን ግን አልጠራም) ክፍል ውስጥ ስንቆጥር 118 አለች። ልጆቹ «ፈርታ ነው» ብለው ሳቁ። በማግስቱ ጠዋት፣ ከሰልፍ በፊት፣ አረፍ ብላ ተቀምጣ እንደገና ቆጠርን። 116። ለወራት እቤትም ጎረቤትም «የፈተና ጭንቀት ነው» ሲሏት ከርመዋል። እሷም አምናለች። እኔን ያሳሰበኝ ግን ደብተሯ ነው፤ እንደ ማተሚያ የነበረው ጽሕፈቷ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ስጠይቃት ትበላለች ግን ትከሳለች፣ ብርድ ላይ ያልባታል። እናቷን አስጠራሁ። ጤና ጣቢያ ሄዱ፣ ወደ ሆስፒታል ተላኩ፣ ደሟ ተመረመረ። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢዋ ከልክ በላይ ሆርሞን እያመነጨ ነበር። ጭንቀት ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ ላይ ትንሽ ያርፍ ነበር፤ ይሄኛው ግን ሌሊትም አይተዋትም ነበር። መድኃኒት ጀመረች፣ ፈተናዋንም ተፈተነች።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ በዲፕሎማ የተመረቅሁ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ግን መቁጠር ሐኪም መሆን አይጠይቅም። አምስት ደቂቃ አረፍ ብላችሁ ቁጠሩ። ትኩሳት ከሌለ፣ ቡና ካልጠጣችሁ፣ ጫት ካልቃማችሁ (ለጥናት እያላችሁ የምትቅሙ ልጆች፣ እሱ ነዳጅ ነው!) በተለያየ ቀን ደጋግሞ ከ100 በላይ ከሆነ ታዩ። የደም ማነስም፣ ታይሮይድም፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። ደረት የሚወጋ፣ የሚያስወድቅ ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥር ከሆነ ደግሞ ነገ አትበሉ፣ ዛሬውኑ ሂዱ።

ለተፈታኞች፦ ፈተና ክፍል በር ላይ ልባችሁ ቢፈጥን አልታመማችሁም፣ ሰውነታችሁ እየተዘጋጀ ነው። አየር ስታስገቡ ልብ ትንሽ ይፈጥናል፣ ስታስወጡ ቀስ ይላል። ስለዚህ ቀስ ብላችሁ፣ ረዘም አድርጋችሁ አስወጡ። ፍሬኑን መርገጥ ማለት እሱ ነው።

አሁን የቆጠራችሁትን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ማታ ደግሞ የእናታችሁን አንጓ ያዙና ቁጠሩ። «ምን ሆነህ ነው?» ቢሏችሁ ቲቸር የቤት ሥራ ሰጥቶኝ ነው በሉ።